የጋሽ አማን ሬዲዮ ቀፎ

ነገሩ የደረሰብኝ መነጽሬን ቤት ረስቼ በወጣሁበት ቀን ነው። ከልጄ ከዓለም ጋር ሮቤ ገበያ ውለን ስንመለስ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ናኦል የሚባል ጎልማሳ አስፋልቱ ዳር ከከፈተው ካፌ ገብተን አረፍ አልን። ናኦል የድሮ ዕቃ ይወዳል። ግድግዳው ላይ ፋኖስ፣ የከሰል ካውያ፣ መሄድ ያቆመ የግድግዳ ሰዓት ሰቅሏል። እኛ ተጠቅመንባቸው የጠገብናቸው ዕቃዎች ለጌጥ ሲሰቀሉ ማየት መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ሻያችን ሲመጣ ናኦል ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ጥቁር ቡናማ ነገር በአውራ ጣቱ ያሻል። አጥብቆ ያሽና ጣቱን ያሸታል፤ ደግሞ ያሽና ደግሞ ያሸታል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው ዓለም። ደንበኛው ስለሆነች ትግባባዋለች።

«የድሮ ሬዲዮ ቀፎ ነው፣ እትዬ ዓለም። ተራ ፕላስቲክ ይሁን ባኬላይት የሚሉት ሙቀት የሚችለው የድሮ ፕላስቲክ መለየት አቅቶኝ ነው። ባኬላይት ከሆነ ታሽቶ ሲሞቅ ይሸታል ይላሉ። የሚሸት መሰለኝ፤ እስቲ እናንተም አሽትቱት።»

ይህን ብሎ ቀፎውን አቅፎ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። ሽታው ግን ከቀፎው ቀድሞ ደረሰኝ። የድሮ ክሊኒክ ወለል የሚታጠብበትን መድኃኒት ይመስላል፤ ከሥሩ ደግሞ የጋለ እንጨትና የአቧራ ሽታ አለበት። ሻዩን ያነሳሁበት እጄ መንገድ ላይ ቀረ። ሌላዋ እናት የአራስ ልጇን ሽታ ስታስታውስ ወተት ወተት ይላታል። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በአፍንጫዬ ይዤው የኖርኩት የልጄ ሽታ ይህ ነበር። ሌላ ቦታ አሽትቼው አላውቅም፤ አሸተዋለሁ ብዬም አስቤ አላውቅም።

«በቀኝ በኩል፣ ጎኑ ላይ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉበት?» ብዬ ጠየቅሁት።

ናኦል ቀና ብሎ አየኝ። «አሉበት፣ እማማ። እንዴት አወቁ? እኔን ግራ ያጋባኝ እሱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ፎቶውን ፈልጌ አገኘሁት፤ ቅርጹም፣ የቁልፎቹ ቦታም፣ መስታወቱም አንድ ነው። ግን አንዱም ላይ እንደዚህ ያለ ቀዳዳ የለም። ምን ዓይነት ፋብሪካ ነው አንዱን ብቻ ለይቶ የሚበሳው?»

«ፋብሪካ አይደለም» አልኩት። «ጋሽ አማን ነው።»

እጄን ሰድጄ በዳበሳ አገኘኋቸው። ረድፋቸው ትንሽ ይጣመማል፤ የመጨረሻው ቀዳዳ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ነው የተበሳው። መነጽር አላስፈለገኝም።

ያኔ ከተማ ማለት ጎባ ነበረች። ዛሬ በፎቅና በባጃጅ የተጨናነቀችው ሮቤ በዚያ ዘመን የገበያ ሜዳና ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች ነበረች፤ መሥሪያ ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ክሊኒኩም እኛ ጋ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ካኪ ሱሪውን ከፍራሹ ሥር አንጥፎ ይተኛበትና ጠዋት የተተኮሰ አስመስሎ ይለብሰዋል። እኔ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስና ክርኑ የሳሳ ቀይ የሱፍ ሹራብ ነበረኝ፤ ጎባ ውስጥ ያለ ሹራብ መውጣት አይታሰብም። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ጉም ከሰዓት በኋላ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ሰው ከሩቅ ሲመጣ እግር የሌለው ይመስል ነበር። ከገበያው ዝቅ ብሎ ጣሊያን ትቶት በሄደው ምድጃ የሚጋግር ዳቦ ቤት ነበር። በአሥር ሳንቲም እጅ የሚሞላ ዳቦ ይገዛል፤ ብርዱ ሲብስ ዳቦውን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ እየሞቅሁት እመለስ ነበር፤ ቤት ስደርስ ግማሹን በልቼዋለሁ። ከዳቦ ቤቱ ከፍ ብሎ፣ መታጠፊያው ላይ፣ የጋሽ አማን ሱቅ ነበር። ዛሬ እዚያ የስልክ መጠገኛ ነው ያለው። ባለፍኩ ቁጥር አንገቴ ራሱ ዞሮ ያያል።

ጋሽ አማን የጊኒር ሰው ነው፤ አቡጀዲና ጨው ይዞ ጎባ መጥቶ ቀረ። ያኔ ገና አላገባም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ ኦሮምኛና አማርኛውን እየቀላቀለ በዝግታ ነው የሚያወራው። ሱቁ ውስጥ ከአቡጀዲው ጥቅል በላይ፣ ለብቻው በተሠራለት መደርደሪያ ላይ፣ ያ ሬዲዮ ተቀምጦ ነበር። አገሩ ከሚገባ ጣሊያናዊ መካኒክ ነው የገዛው ይባላል። በመኪና ባትሪ ነበር የሚሠራው። ሲከፈት መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ውስጡ ያሉት አምፑሎች እስኪግሉ እንጠብቃለን። ከዚያ መስታወቱ ቢጫ ብርሃን ይለብስና የከተሞቹ ስም ይወጣል፤ ሮማ፣ ካይሮ፣ አቴና፣ ሌሎችም ታደሰ እያነበበ የሚነግረን። ቀይዋ መርፌ በስሞቹ መሃል ስትሄድ ፉጨቱና የማናውቀው ቋንቋ እየተፈራረቀ ይመጣና በመጨረሻ ያገራችን ዘፈን ከች ይላል። ወንዶቹ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ እኛ አዲስ ሙሽሮቹ በራፉ ላይ ነጠላችንን አፋችን ላይ ይዘን እንሰማለን። የክራሩ ድምፅ ከዚያ ጥቁር ሣጥን ሲወጣ የተሰማኝን ዛሬ በምን ልንገራችሁ። የልጅ ልጆቼ ኪሳቸው ውስጥ ዓለምን ሁሉ ይዘው ይዞራሉ፤ እኔ ግን ያኔ የሰማሁትን ያህል ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ጋሽ አማን ቁልፉን ሌላ ሰው አያስነካም። አቧራውን የሚጠርገው በራሱ የአንገት ልብስ ነበር።

ዓለምን የወለድኳት በክረምቱ ልብ ላይ፣ ጊዜዋ ሳይደርስ ነው። ጠዋት ውኃ ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ ምጥ ያዘኝ፤ ቀትር ሳይሆን ተወለደች። ስትወለድ አላለቀሰችም። እንደ ድመት ግልገል ያለ ጭርታ ብቻ ነው ያሰማችው። ታደሰ በሁለት መዳፉ ይዟት ምን እንደሚያደርጋት ጠፍቶት ቆሞ ነበር፤ ቆዳዋ ስስ ስለነበረ የደም ሥሯ ሁሉ ይታያል። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ያኔ ሐኪማችን እሱ ነበር፣ መጥቶ አገላብጦ አያት።

«ሙቀት ነው የሚያስፈልጋት» አለ በመጨረሻ። «አዲስ አበባ ማሞቂያ ሣጥን አላቸው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«ይዘናት እንሂዳ» አለ ታደሰ።

«በዚህ ዝናብ? ዲንሾን ሳታልፉ ጭቃው መኪናውን ይይዘዋል። እሷ ደግሞ እስከ ማታ ብርድ ካገኛት አትቆይም።»

ደረቴ ላይ አድርጌ ላሞቃት ሞከርኩ። እኔ ራሴ ግን ከወሊዱ በኋላ ትኩሳት ይዞኝ ስለነበር አንዴ ያልበኝ አንዴ ያንቀጠቅጠኝ ነበር፤ ላቤ ያረጥባታል፣ ቅዝቃዜው ይቀጥላል። ካርቶን ውስጥ ጥጥ አድርገን፣ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልተን ጎኗ አስቀመጥን። ካርቶኑ እንፋሎቱን ጠጥቶ ራሰና ዝቅ አለ። እሳት እንዳናነድባት ደግሞ ድሬሰሩ ጭሱን ፈርቶ ከለከለን። ጎረቤት ሁሉ በራፉ ላይ ተሰብስቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ወሬያቸው የለቅሶ ወሬ እየመሰለ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር።

ጋሽ አማን ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ነበር። እንደ ወጉ አራስ ቤት አይገባም፤ ከበራፉ ላይ ሆኖ ድሬሰሩን ጠየቀው።

«ያ አዲስ አበባ አለ የምትለው ሣጥን ምን ዓይነት ነው?»

ድሬሰሩም ደክሞት ነበር፤ ግን በወጉ መለሰለት። «ሙቀት የሚይዝ፣ የማይርስ፣ የማይቃጠል። አየር የሚያስገባ። ሳትከፍተው ልጁን የምታይበት መስታወት ያለው።»

ጋሽ አማን ይህን ሰምቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ታደሰ ነው፤ ጠርሙስ ፍለጋ ሱቁ ሄዶ አይቶታል። ጋሽ አማን ሬዲዮውን ከመደርደሪያው አውርዶ ባንኮኒው ላይ በመስታወቱ ደፍቶታል። የጀርባውን ክዳን ፈቶ፣ ብሎኑን አንድ በአንድ እያወጣ፣ ሽቦውንና አምፑሎቹን ከነብረቱ ስቦ አወጣቸው። ከአናጺው የተዋሰው የእጅ መሰርሰሪያ አጠገቡ አለ። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ ላብ ነበረው ይለኝ ነበር ታደሰ።

«አማን፣ ሬዲዮውን ምን እያደረግኸው ነው?» ይለዋል።

«ውስጡ ሁልጊዜ እሳት ነው» አለው ጋሽ አማን፣ እጁን ከሥራው ሳያነሳ። «እነዚህ አምፑሎች እጅ ይፈጃሉ። ቀፎው ግን አንድ ቀን ተሰንጥቆ፣ አንድ ቀን ለስልሶ አያውቅም። አየር የሚወጣበት የጀርባ ክዳን አለው፤ የሚገባበትን ደግሞ ጎኑ ላይ እበሳለሁ። መስታወት አለው። ሐኪሙ ያለው ይህን አይደል?»

ድሬሰሩ ቀፎውን ተቀብሎ አገላበጠው፤ በአልኮል ወለወለው፤ ጥጥ አነጠፈበት፤ የታደሰን የሱፍ ካልሲ ያለበሳቸውን የሙቅ ውኃ ጠርሙሶች ከራስጌና ከግርጌ አደረገ። ቴርሞሜትሩን ውስጡ ከትቶ በሰዓቱ እያየ ጠበቀ። ሁላችንም እሱን እናያለን። አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አነበበውና ጋሽ አማንን ቀና ብሎ አየው። «ይሆናል» አለ። ልጅቷን አምጡ ብሎ እጁን ዘረጋ። ልጄን በጀርባው በኩል አስገብተው ክዳኑን መለሱባት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዛሬም ሳስበው እንደ ሕልም ነው። ያ ሁሉ ዘፈን ሊሰማ የሚመጣ ጎረቤት ውኃ ማፍላት ያዘ። የአንዷ ቤት ጠርሙስ ሲቀዘቅዝ የሌላዋ ይደርሳል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ማሰሮውን በጋቢ ጠቅልሎ በዝናብ እየሮጠ ያመጣል። የታለበ ወተቴን በጥጥ እየነከሩ በጠብታ ይሰጧታል። ትኩሳቴ ሲለቀኝ ደግፈው ወደ ጠረጴዛው ወሰዱኝ፤ ሬዲዮው እንደ ድሮው ቆሟል፣ ከኋላው ኩራዝ በሩቁ በርቷል፣ መስታወቱም ያንን ቢጫ ብርሃን ለብሷል። ልጄን በወጉ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ጭንቅላቷ ሮማ አጠገብ፣ እግሯ ከካይሮ ወዲያ። የምትተነፍስበት ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል በፊደሎቹ መሃል ይታይ ነበር። ቆሜ ቀረሁ። እግዚአብሔር የሠራው ሥራ በየት በየት እንደሚያልፍ ያን ቀን አየሁ፤ በጣሊያናዊ መካኒክ እጅ፣ በጊኒር ነጋዴ እጅ፣ በባሌ ዝናብ መሃል አልፎ እኔ ጋ ደረሰ።

ጎረቤቱ ጠዋት ጠዋት ሲገባ «ዛሬ የት ናት?» ብሎ ይጠይቃል። «ወደ አቴና ዞራለች» ይሉታል። እንደዚህ እያሉ ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ የሬዲዮው ድምፅ ይወጣበት ከነበረው የፊት ጨርቅ ውስጥ ለቅሶ ተሰማ። ጭርታ አይደለም፤ የሞላ፣ የተቆጣ የሕፃን ለቅሶ። ቤቱ ሁሉ ድሮ ሬዲዮው ሲከፈት እንደሚያደርገው ጸጥ አለና አዳመጣት። ጋሽ አማን በራፉ ላይ ነበር። በአንገት ልብሱ ፊቱን ጠረገና፣ «ማሻ አላህ፣ ጣቢያውን ያዘች» አለ። ስሟንም ዓለም ያላት እሱ ነው፤ ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ ሌላ ስም አይሆንም ብሎ።

በክርስትናዋ ዕለት ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ጠበቀን። ቀፎውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አመስግኜ መለስኩለት። የሬዲዮው ብረትና አምፑሎች ሱቁ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍነው ተቀምጠው ነበር፤ ወደ ቀፎው ሲመልሳቸው አላየሁም፤ የጎባ እርጥበትም በላቸው መሰለኝ። ያ መደርደሪያ ከዚያ በኋላ ዘፍኖ አያውቅም። ስለ እሱ አንድ ቀን ሲናገር አልሰማሁም።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። ታደሰ ወደ አሰላ ተዛወረ፤ እኛም ተከተልነው፤ ብዙ ነገር ሆነ፤ ብዙ ሰው ሳይሰነባበት ተለያየ። ታደሰ አርፎ፣ ዓለም ሮቤ በግብርና ሥራ ተመድባ እኔንም ይዛኝ ስትመለስ፣ መጀመሪያ የሄድኩት ወደዚያ መታጠፊያ ነበር። ጋሽ አማን ሱቁን ሽጦ አገሩ ጊኒር እንደገባ፣ እዚያም እንደሞተ ነገሩኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩና ተመለስኩ። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አብቅቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ለናኦል ካወራሁለት በኋላ ዓለም ቀፎውን ወደ ራሷ ሳበችው። ልጄ ዛሬ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ሴት ናት። ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች፤ ግን እናት ልጇን ስታሞግስ የምትጨምረው ነገር አድርጋ ነበር የያዘችው። ክንዷን በጀርባው በኩል ከተተች። ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ቀፎውን ሞላው፤ ሌላ ነገር የሚገባበት ቦታ አልቀረም።

«እዚህ ውስጥ ነበርኩ?» አለችኝ።

«እዚያ ውስጥ ነበርሽ።»

ክንዷን ሳታወጣ ብዙ ቆየች። ናኦል ፊት ለፊቱን ቆርጦ ዘመናዊ ድምፅ ማጉያ ሊገጥምበት በጠመኔ መስመር አስምሮበት ነበር። በእጅጌው ጠርጎ አጠፋው። «ይህን ዕቃ እኔ አልነካውም» አለ። «ይውሰዱት፣ እማማ። የገዛሁት ጊኒር ከምትኖር ዘይነባ ከምትባል ሴት ነው። አንድ ነገር ግን ገርሞኛል፤ ዋጋ አልተከራከረችኝም። ከቤቷ እንዲወጣላት ብቻ ነበር የፈለገችው።»

በማግስቱ፣ የጋሽ አማን ወገን ሳትሆን አትቀርም ብለን፣ ቀፎውን በጋቢ ጠቅልለን፣ ዓለም ጭኗ ላይ አድርጋው፣ በሚኒባስ በጎሮ በኩል ጊኒር ገባን። ሰው እየጠየቅን ቤቱን አገኘነው። ዘይነባ ከዓለም አሥር ዓመት ያህል የምታንስ፣ የአባቷን ቅጥነት የወረሰች ሴት ናት፤ የጋሽ አማን የመጨረሻ ልጅ። በትሕትና ተቀበለችን፤ እጃችንን ስማ ግቡ አለች። ጋቢው ሲገለጥ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እሱን ውጭ አስቀምጡት» አለች። «እናንተ ግቡ፤ እሱ አይግባ።»

ደጃፉ ላይ አስቀምጠነው ገባን። ሻይ ቀዳችልን። ለምን እንደጠላችው ስጠይቃት አፍራ አንገቷን ደፋች።

«አልጠላሁትም፣ እማማ፤ ፈራሁት» አለች። «ልጆች ሆነን እናቴ ባዶ ነው ብላ ሽንኩርት ልታስቀምጥበት ስትል አባቴ አይሆንም አለ። ‹ባዶ አይደለም፣ ሰው አለበት› አላት። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። ክረምት ሲሆን ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ወለል ላይ ካየው ይቆጣል፤ ይበርደዋል ይላል። እኛ ጂን አለበት ብለን ነው ያደግነው። አባቴ ብዙ አያወራም፤ ማን እንዳለበት ጠይቀነው ‹አንድ ቀን ትመጣ ይሆናል› ብቻ ነው ያለን። ሊሞት ሲል እንኳ አልብሱት ብሎ ነው ያዘዘን። እናቴም ስታርፍ ብቻዬን ቀረሁ፤ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ማደር አልቻልኩም።»

ሻዬን አስቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ብቻ የማስታውሰው መስሎኝ ኖሬያለሁ። እሱ እዚህ፣ በዚህ ቤት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ልጄን ሲያለብሳት ኖሯል።

ዓለም ከመቀመጫዋ ተነሳች። ራሷ የቤቱን ጣራ ሊነካ ትንሽ ቀረው።

«እኔ ነኝ» አለቻት በኦሮምኛ። «ውስጡ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጀምራ ሁሉንም ነገረቻት፤ ብርዱን፣ ጠርሙሶቹን፣ መሰርሰሪያውን። ዘይነባ እጇን አገጭዋ ላይ አድርጋ ሰማች። ሲያልቅ ብድግ አለች። ወደ ደጅ ወጣች፣ ጎንበስ ብላ ቀፎውን ከመሬት አነሳች፣ ታቅፋው ገባች። የትራሷን ልብስ አንጥፋ አልጋዋ ላይ፣ ራስጌ በኩል፣ አስቀመጠችው። ከዚያ ዞራ ዓለምን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ የልጄን ፊት በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ራሷ ዝቅ አድርጋ ሳመቻት።

«ኢንተላ አባ ኮ» አለቻት፤ የአባቴ ልጅ ማለቷ ነው።